እጃችንን ይጠብቁልን የነበሩት እትዬ ሰዓዳ

ሃናን ኮል ስታደርግልኝ ዎርዝንግተን ውስጥ ከምሠራበት ቢሮ ፊት ለፊት መኪናዬን እያቆምኩ ነበር። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ ገና ሳላነሳው ልቤ ድንግጥ አለ። የእትዬ ሰዓዳ ልጅ ሃናን አሜሪካ ያደገች ናት፤ ቴክስት ታደርጋለች እንጂ ኮል አታደርግም።

"አንቲ ሒሩት፣ ማሚ..." አለች። ከዚያ አማርኛዋን ፈልጋ አገኘችው መሰለኝ፣ "ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለችኝ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ሬይኖልድስበርግ ወዳለው ቤታቸው ስነዳ መሪውን የያዙት እጆቼ ላይ ዓይኔ አረፈ። ለዓመታት ካርቶን ሲቀዱ፣ ማሰሪያ ሲበጥሱ፣ ሣጥን ሲያነሱ የኖሩ እጆች ናቸው፤ አንድም ጠባሳ የለባቸውም። ጥንቁቅ ስለሆንኩ አይደለም። እኔ ችኩል ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ባለቤቴ ይሳቀቃል። እጆቼ የተረፉት አጠገቤ እትዬ ሰዓዳ ስለነበሩ ነው።

እትዬ ሰዓዳን ያወቅኋቸው በዲቪ መጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ ከኮሎምበስ ከተማ በስተምሥራቅ ባለ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሥራችን ከትላልቅ መኪናዎች የሚራገፉትን ካርቶኖች ቀዶ ዕቃውን ማውጣት፣ መደርደርና እንደገና ለደንበኛ ማሸግ ነበር። ከመግቢያ እስከ መውጫ ሰዓት ቦክስ ከተር የምንለው ካርቶን መቅደጃ ምላጭ ከእጃችን አይለይም። እሳቸው አጭር፣ ደልደል ያሉ የደሴ ሴት ነበሩ። የሻርፓቸውን ጫፍ ማሽን እንዳይዘው ብርቱካናማው ሰደርያ ውስጥ ወትፈው፣ አንዲት ቅርንፉድ ጉንጫቸው ሥር ይዘው ነበር የሚሠሩት። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ አዲስ ሰው "ምን አጠፋሁና ነው የሚጠቁሙብኝ?" ብሎ ይደነግጣል። እኔም ደንግጫለሁ። ምን ሆነው እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሥራ እንዲያሳዩኝ ከእሳቸው ጋር መደቡኝ። ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ "እጅሽን አሳዪኝ" አሉኝ።

መዳፌን ሊያነቡ ነው እንዴ ብዬ ዘረጋሁላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ "ቀለበቱን አውጪ" አሉኝ።

"የጋብቻ ቀለበቴ እኮ ነው።"

"እሱንማ አየሁት። ካርቶን ሲንሸራተት የሚይዘው ቀለበትሽን ነው። ቀለበቱ ሲሄድ ደግሞ ጣትሽን ይዞ ይሄዳል። ባልሽ የሚፈልገው የቱን ነው?"

"ሁለቱንም" አልኳቸው፤ ትንሽ ከፍቶኝ።

"እንግዲያው ቀለበቱን ኪስሽ አድርጊው፤ ጣትሽ እጅሽ ላይ ይቅር" አሉና የሰደርያዬን የውስጥ ኪስ ዚፕ ራሳቸው ከፍተው ጠበቁኝ። አወጣሁት። ባለቤቴ ማታ ሲሰማ ስቆ ሊሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሠልጠን የሚሉት ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ካርቶን ልቀድ ከተሩን ሳነሳ፣ "ቢያመልጥ የት ያርፋል?" ይሉኛል። ስለቱን ማለታቸው ነው። ወደ ራሴ ስቤው ከሆነ ሆዴ ላይ ነው የሚያርፈው። ካርቶኑን የያዘው እጄ ከፊቱ ካለ ደግሞ እሱ ላይ ነው። እጄን ከመንገዱ አነሳለሁ፣ አቋቋሜን አስተካክላለሁ፣ "አየር ላይ" እላቸዋለሁ። "በይ" ይላሉ። እንደዚህ እያልን ቀኑ ይመሻል። መጀመሪያ ሰሞን አሰልቺ ነበር፤ እየቆየ ሳይጠይቁኝም ለራሴ መመለስ ጀመርኩ። ምላጩ ሲዶለዱም አብዝተው ይቆጣሉ። "ቀይሪው! አልቆርጥ ሲልሽ በጉልበት ትገፊዋለሽ፤ ስትገፊው ነው የሚያመልጥሽ" ይላሉ።

ሌላም ነበራቸው። ከእጅ የወደቀ ስለት በፍጹም እንዳይቀለብ። ከተር ሲወድቅ ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ዘለል ይላሉ፤ እኛንም እንደዚያው አስለምደውናል። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ሃናን ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እስክሪብቶዋ ወደቀ። እትዬ ሰዓዳ እጃቸውን ሰቅለው ከሶፋው ተነሡ!

"ማም፣ ኢትስ ኤ ፔን!" አለች ሃናን ዓይኗን እያንከባለለች።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ዛሬስ ፔን ነው። እጅ ግን ምን እንደወደቀ አይቶ አይደለም የሚቀልበው" አሉ።

ሁሉም ይወዳቸው ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ዌርሃውስ ውስጥ በሰዓት ምን ያህል እንዳሸግን በኮምፒውተር ይታያል፤ ሬት ነው የምንለው። ሬቱ የጎደለበት ይጠራል። ስለዚህ "የእትዬ ሰዓዳ ጥያቄ ሬት ይበላል" እያሉ የሚያጉረመርሙ ነበሩ። የእሳቸው ሬት ግን ጎድሎ አላየሁም። አይጣደፉም፤ አይቆሙምም።

ሱፐርቫይዘራችን ጄፍ ረጅም፣ ፊቱ ቶሎ የሚቀላ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ከእትዬ ሰዓዳ ጋር ያስተዋወቃቸው የጓንት ነገር ነበር። የሚታደለን ጓንት ሁሉ የወንድ ልክ ነው። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ሆነው ይንጠለጠላሉ፣ ማሰሪያው ውስጥ ይገባሉ፣ ስለዚህ ሴቶቹ አውልቀን በባዶ እጅ እንሠራና ጄፍ ሲመጣ እናጠልቃለን። እትዬ ሰዓዳ አንድ ቀን ጓንቱን አጥልቀው ቢሮው ሄዱና እጃቸውን ዘረጉለት።

"ፑል" አሉት።

ሳበው። ጓንቱ እሱ እጅ ላይ ቀረ።

"ዩ፣ ጉድ። ሚ፣ ኖ ጉድ" አሉት።

ጄፍ ሳቀ፤ በማግሥቱም ከሱቅ በራሱ ኪስ ትንንሽ ጓንቶች ገዝቶ መጣ። አበባ ያለባቸው፣ ለአትክልት ሥራ የሚሆኑ ስስ ጓንቶች ናቸው። እትዬ ሰዓዳ ከልባቸው አመሰገኑት፣ ጓንቶቹን በረንዳቸው ላይ ላለው ቲማቲም ወሰዱና በማግሥቱ ተመልሰው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። ስለት የሚመክት ትንሽ ጓንት እስኪመጣ በየቀኑ ሄዱ። በመጨረሻ ጄፍ ከሩቅ ሲያያቸው ገና ሳይናገሩ፣ "ስሞል! አይ ኖው፣ ሚስ ሳዳ፣ አይ ኖው!" ማለት ጀመረ። ጓንቱ የመጣ ዕለት ራሱ ነው እየዞረ ያደለን።

የማልረሳው ግን የታምራትን ጉዳይ ነው።

ታምራት ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር የሚኖር፣ ቀልድ የማያልቅበት የሥራ ባልደረባችን ነበር። በዚያ ዓመት ኩባንያው ክፍላችን መግቢያ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ጉዳት ሳይደርስ ያለፉት ቀናት የሚጻፉበት ነው። ቁጥሩ የተባለው ደረጃ ከደረሰ የክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ አንድ ቀን ከነክፍያው ያርፋል ተባለ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ ቁጥሩ የሚሞላው ደግሞ ከስቅለት በፊት። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክሶች ነን። አሜሪካ ውስጥ የእኛ ስቅለት እንደማንኛውም ዓርብ ሥራ የሚገባበት ቀን ነውና፣ "ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ልንውል ነው" ተባብለን ጄፍን ጠየቅነው። እረፍቱ ዓርብ እንዲሆንልን እሺ አለ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከሁሉም በላይ የጓጓችው አብራን የምታሽገው ወይንሸት ናት፤ አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ አንድም ስቅለት ቤተ ክርስቲያን አልዋለችም።

እትዬ ሰዓዳ ሰሌዳውን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። "ይሄ እጅ አይጠብቅም፤ አፍ ነው የሚዘጋው" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

ቀኑ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ታምራት የተወጠረ የፕላስቲክ ማሰሪያ ሲቆርጥ ድንገት ሸምቀቅ ብሎ ሲዞር አየሁት። ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ተመለሰ። ጓንቱን አድርጓል፣ ይቀልዳል። ምንም አልመሰለኝም።

ምሳ ሰዓት በምንበላበት ብሬክ ሩም ውስጥ እትዬ ሰዓዳ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ምግባቸውን ትተው ታምራትን ያዩታል። የምሳ ዕቃውን ክዳን በክንዱ ደግፎ በቀኝ እጁ ብቻ ሊከፍት ይታገላል። ተነሥተው ሄዱና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

"ታምራት፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ጓንት ምን ይሠራል?"

"ምንም አይደለም እትዬ። ይብሉ፣ ሽሮዎ ይቀዘቅዛል።"

"እጅህን አሳየኝ።"

ወይንሸት ከወዲያ፣ "እትዬ ሰዓዳ፣ ይተዉት እስቲ! ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱን ያውቃል" አለች። የሁላችንም ሐሳብ ወደ ሰሌዳው ነበር የሄደው።

ታምራት ጓንቱን አወለቀ። የአውራ ጣቱን ሥር በወረቀትና በማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልሎታል፤ ወረቀቱ ጠቁሯል።

"አውራ ጣትህን እጠፋት" አሉት።

ፈገግ ብሎ ሞከረ። ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። አሁንም ፈገግ እንዳለ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ደንዝዞ ነው። ነገ ይለቀኛል።"

እትዬ ሰዓዳ ግራ እጃቸውን ከእሱ እጅ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለዋል።

"እኔም ነገ ይለቀኛል ብዬ ነበር" አሉ። "እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ ሬስቶራንት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። አረፋው ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆ ነበር፤ አላየሁትም። አዲስ ነኝ፣ ቋንቋ የለኝ፣ ያባርሩኛል ብዬ በፎጣ ጠቅልዬ ማጠቤን ቀጠልኩ። ሐኪም ቤት የሄድኩት አብጦ አላስተኛ ሲለኝ ነው። ጅማቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ሐኪሙ፣ 'ያን ዕለት መጥተሽ ቢሆን' አለኝ።" ሁለቱን ጣቶች በቀኝ እጃቸው ዳሰስ አደረጉ። "ሃናን ትንሽ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጸጉሯን ጎንጉኜላት አላውቅም። ጎረቤት ነበረች የምትሠራላት። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ታምራት አንገቱን ደፋ። "ሰዉ ሁሉ ስቅለትን እየጠበቀ ነው እትዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በእኔ ምክንያት ቀረ ሊባል ነው።"

"በእኔ ምክንያት ይቅር። ሰዓዳ ጎትታ ወሰደችኝ በላቸው።"

ተነሡና ሰው ሁሉ እያየ እጅጌውን ይዘው ጎተቱት። እውነቴን ነው፤ ያን ቁመታም ሰው በጠረጴዛዎቹ መሀል እየጎተቱ ወደ ጄፍ ቢሮ ወሰዱት። ያን ያህል መጎተት አላስፈለገውም ነበር፤ ታምራት ለመሄድ ተነሥቷል። የጎተቱት እኛ እንድናይ ነው። ይሄ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ጄፍ ራሱ በመኪናው ሐኪም ቤት ወሰደው። ጅማቱ ተቆርጦ ነበር። ቶሎ ስለደረሰ በቀዶ ሕክምና ተሰፋለት።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ተጻፈ። ወይንሸት ካርቶኗን እየወረወረች፣ "እሷ ምን ቸገራት! ስቅለት የእሷ አይደል!" አለች። እትዬ ሰዓዳ ሊሰሙ በሚችሉበት ድምፅ ነው የተናገረችው፤ ሰምተዋልም። የያዙትን ከተር ስለቱን ወደ ውስጥ መለሱ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ወጡ። ተከትያቸው ስሄድ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

"ደህና ነዎት?"

"ሆድ ሲብሰኝ ምላጭ አልይዝም" አሉኝ። "ትንሽ ልቆይና እመጣለሁ።"

ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ብቻቸውን መብላት ያዙ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተስፋ ያደረገው ነገር ስለቀረበት ነው። እኔ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ቅርንፉዳቸውን እያገላበጡ ቆዩና፣ "ወይንሸት አልዋሸችም። ስቅለት የእኔ አይደለም" አሉ። "ግን በዒድ ቀን እኔ ከልጄ ጋር ስውል ማን ነበር በእኔ ቦታ የገባው? ታምራት ነው። ከእሱ በፊት ባለው ዒድ ደግሞ ወይንሸት ራሷ ናት።"

ከማግሥቱ ጀምሮ በእረፍት ሰዓት እየዞሩ ሶማሌዎቹንና ኔፓሎቹን ባልደረቦቻችንን ሲያነጋግሩ አየኋቸው። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ "ፍራይደይ ዩ ካም፣ ሺ ጎ ቸርች" ይላሉ፣ ወደ አንዳችን እየጠቆሙ። ሁሉም እሺ አላለም፤ ብዙዎቹ ግን አሉ። ቀን ተቀያየርን። ጄፍ፣ ሥራው ሰው ካገኘ እኔ ምን ተዳዬ ብሎ ፈረመ። ወይንሸትን ጠርቶ ዓርብ ነፃ መሆኗን ሲነግራት፣ "ማን ገባልኝ?" አለችው።

"ሚስ ሳዳ" አላት።

ወይንሸት ስቅለትን ስትሰግድ ዋለች። ሰኞ ትልቅ ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ መጣች፤ እትዬ ሰዓዳ ፊት አስቀመጠችው። የብሬክ ሩሙን ቢላ አንሥታ፣ ከዳቦው የገመሰችውን ጉማጅ መዳፏ ላይ አድርጋ ልትቆርስ ጀመረች።

"አንቺ! መዳፍሽ ላይ?" ብለው እትዬ ሰዓዳ ጮኹ። "ጠረጴዛው ምን አደረገሽ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወይንሸት እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ሰዓዳ ቢላውን ከእጇ ተቀብለው ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ቆርሰው፣ የመጀመሪያውን ለእሷ ሰጧት። ይቅርታ የሚባል ቃል ከማንም አልወጣም።

ታምራት ከወራት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። ጄፍ ለምን እንደደበቀ ጠየቀው፤ ታምራትም እንቅጩን ነገረው፤ ሰሌዳውን ፈርቼ ነው አለው። ጄፍ ፊቱ ቀላ። ነገሩን ወደ በላይ አለቆቹ ይዞት ሄደ፤ ቶሎ መልስ አላገኘም፤ በኋላ ግን ሰሌዳው ወረደ። የእረፍት ቀን ሽልማቱም ጉዳት ላልደረሰበት ሳይሆን አደገኛ ነገር አይቶ ለሚናገር ሆነ። ከተሮቹም ተቀየሩ፤ አዲሶቹ አውራ ጣት ሲለቃቸው ስለታቸው ራሱ ይገባል። እትዬ ሰዓዳ አንዱን አገላብጠው ብዙ ጊዜ ሞከሩትና፣ "ይሄኛው ከእኛ ይሻላል" አሉ።

ከዚያ እኔ ሌላ ሥራ አገኘሁ፤ እሳቸውም ኩላሊታቸው እየደከመ ሥራ ተዉ። በየሳምንቱ መጠየቄ ቀርቶ በወር ሆነ።

በመጨረሻ ያየኋቸው ሆስፒታል ተኝተው ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሃናን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ድምፃቸው ሰልሏል። አንዲት ወጣት ነርስ ደም ልትወስድ ገባች። ፈጣን ናት፣ ትሁት ናት፣ በጣም ግን ደክሟታል። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እትዬ ሰዓዳ አንሶላው ውስጥ ደበቁት።

ነርሷ ፈርተው መሰላት። "ኢትስ ኦኬ፣ ሃኒ" አለቻቸው በለሰለሰ ድምፅ።

እትዬ ሰዓዳ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ላይኛዎቹ መርፌዎች ብቅ ብለዋል።

"ሞልቷል በያት" አሏት ሃናንን። "በእጇ ስትገፋው ይወጋታል።"

"ማም፣ ፕሊስ። ሺ ኖውስ ሄር ጆብ።"

"አታውቅም አላልኩም። ደክሟታል ነው ያልኩት። ዓይኗን እይው እስቲ።"

ሃናን የነርሷን ዓይን አየች፤ እኔም አየሁ። ቀላ ብሎ፣ ሥሩ ጠቁሯል። ሃናን አፍራ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ነርሷ ወደ ሣጥኑ ዞራ ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ እየገፋችው እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ወጣች። ስትመለስ አዲስ ሣጥን ይዛ ነበር፤ አሮጌውን ቆልፋ አወረደች፣ አዲሱን ሰቀለች፣ ደህና መግባቱን ነቅነቅ አድርጋ አየች።

እትዬ ሰዓዳ ሥራዋን እስክትጨርስ በትዕግሥት ጠበቋት። ከዚያ ክንዳቸውን ከአንሶላው አወጡና ዘረጉላት።